ሲሚንቶ የበዛበት ቅስት

መሐንዲሷ የባቡር ድልድዩን ጡቦች አንድ በአንድ በትንሽ መዶሻ እያንኳኳች ታዳምጣለች። ጤነኛ ጡብ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ውስጡ የተሰነጠቀ ግን እንደ ካርቶን ዱም ይላል። ድልድዩን ከተሸከሙት ቅስቶች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጥርት ብለው መለሱላት። ሦስተኛው ዱም አለ።

እሱን የጠገኑት አባቷና አጎቷ ናቸው። አባቷ ከሞቱ ወር አለፋቸው፤ እሷ እስካሁን እንባ የሚባል አልወጣትም።

«ምን ይላል?» አሉ አጎቷ ከኋላዋ።

«ዱም ይላል፣ ጋሼ።»

«ጉንፋን ይዞት ይሆናል።»

አልሳቀችም። የጡቦቹን መጋጠሚያ በምስማር ጫረችው። ሌሎቹ ቅስቶች ላይ ኖራው እንደ ዱቄት ረግፎላት ነበር፤ እዚህ ምስማሩ አንሸራተታት። ሲሚንቶ ነው። ኖራ ለስላሳ ስለሆነ እርጥበት ያስወጣል። ሲሚንቶ ግን ድርቅ ይላል፤ ውሃው መውጫ ሲያጣ የጡቡን ፊት ገሽልጦ ይጥለዋል።

«ጠንካራ ይሁን ብለን እኮ ነው» አሉ አጎቷ። «ኖራ የሰነፍ ነው አለ አባትሽ፤ ምርጥ ሲሚንቶ አስመጣ።»

«አውቃለሁ።»

«እና ይፍረስ ልትይ ነው? ሌላው ሥራው ሁሉ ልስን ለብሷል። እጁ የሚታየው እዚህ ብቻ ነው።»

ቀና ብላ አየችው። የጡቦቹ መስመር የትም አልተዛነፈም። መዳፏን አሳረፈችበት፤ ጡቡ ይቀዘቅዛል፣ ሌላ ምንም የለም።

ከላይ ባቡር አለፈ። ከቅስቱ የጡብ ስባሪ ወርዶ ሰው በሚመላለስበት መንገድ ላይ ተፈረከሰ። ጠመኔዋን አውጥታ ቅስቱ ላይ የይፍረስ ምልክት አደረገች።

«ድርቅናሽ!» አሉ አጎቷ። «በአባትሽ ነው የወጣሽው። እሱም ቢሆን ያፈርሰው ነበር፤ ብቻ ሳምንት ሙሉ እኛን ይሰድብ ነበር።» የወደቀውን ስባሪ በጫማቸው ወደ ዳር ገፉት። «ማን ነው የሚያፈርሰው?»

«ኮንትራክተሩ ሰው ያመጣል።»

«በማሽን? ደህናውንም ጡብ ይፈጁታል። እኔ ላፍርሰው፣ በመሮ፣ ቀስ ብዬ።»

«የጉልበትዎ ሕመምስ?»

«ተቀምጬስ መቼ ተወኝ?»

ልታቅፋቸው እንደሚገባ ታውቃለች። ክንዷ አልታዘዛትም።

«መጀመሪያ ቅስቱን የሚይዝ የእንጨት ድጋፍ ከሥር ይቁም» አለቻቸው። «ከዚያ ከአናቱ ይጀምራሉ።»

አጎቷ ኮታቸውን አውልቀው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፤ ዛሬ የሚሠራ ነገር ባይኖርም።