ጉሬዛዎቹ የቀሩበት ዝግባ

አባባ «ወደ ጫካው ውሰጂኝ» ሲሉኝ ወንድሜ ወንድምአገኘሁ ከጀርባቸው ቆሞ በዓይኑ ለመነኝ። ይለምን እንጂ! ያን ሁሉ ዛፍ ከሰል እያደረገ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ድረስ ሲያስጭን መቼ ለመነኝ?

«ጭቃ ነው፣ ይወድቃሉ» አለ።

«በጥቅምት የምን ጭቃ ነው?» አልኩና የአባባን በትር አነሳሁ።

እኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የምሠራው፤ ወደ ቤት የምወጣው እሑድ እሑድ ነው። አባታችን ቄስ ገብረ ማርያም ከከተማው በላይ ባለችው ደብር ሲቀድሱ ኖረው አሁን ዓይናቸው ጠፍቷል። ድሮ በየዓመቱ በጽጌ ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ደን ውስጥ ገብተው ጉሬዛዎቹን አይተው ይመለሱ ነበር። ጥቁርና ነጭ ለብሰው ዛፍ ላይ ዝም ብለው ስለሚቀመጡ «መነኮሳቱን ልጠይቅ» ይሉ ነበር።

ዓምና ክረምት የመጥረቢያ ድምፅ ሰሙ። ዓይናቸው አያይ እንጂ ጆሯቸው የዋዛ አይደለም። እሑድ መስቀላቸውን ይዘው ሕዝቡ ፊት ቆሙና ገዘቱ፤ «ከዚህ ደን ዛፍ የቆረጠ ውግዝ ይሁን! እያወቀ ከእሱ ጋር በአንድ ገበታ የቆረሰም ውግዝ ይሁን!» ሕዝቡ «አሜን» አለ። ወንድምአገኘሁ ከፊት ቆሞ ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ «አሜን» አለ። አጠገቡ ነበርኩ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቆራጩ እሱ መሆኑን ከአባባ በቀር የማያውቅ የለም። ማንም ግን ትንፍሽ አላለም። «አንድ ወንድ ልጃቸው ነው፣ ሽማግሌውን መግደል ነው» ይላሉ። ደግነታቸው ገደል ይግባ! እኔም ከዚያ ወዲህ እቤት ስመጣ «ሆዴን አሞኛል» እያልኩ ለብቻዬ ነው የምበላው። አባባ ብቻ ሳያውቁ ከልጃቸው ጋር ከአንድ ትሪ ይቆርሳሉ። ካወቁ ግን ከእሱ ጋር አይበሉም፤ ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም።

እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው ወጣን።

«ያየሽውን ሁሉ ንገሪኝ፣ አትዝለዪ» አሉኝ።

አደይ አበባው መሐል ቆቅ ጫጩቶቿን አስከትላ ሽው አለች። ነገርኳቸው፤ ፈገግ አሉ። ከፍ ስንል ሚዳቋ አየሁ።

«አልሸሸችም?»

«አልሸሸችም፣ ቆማለች» አልኩ። ወዴት ትሽሽ? የምትገባበት ቁጥቋጦ እንኳን አልተረፈላት፤ ሜዳው ላይ ተገትራለች።

ጎረቤታችን ሼህ ሸረፈዲን ላሞቻቸውን እየነዱ መጡ። ሰላምታ ተለዋወጡና አባባ፣ «ሼህ፣ ላም ጫካ ውስጥ ምን ትሠራለች? ነብሩን አይፈሩም?» አሏቸው።

ሼሁ እኔን አዩኝ። «ወላሂ፣ እሱም አገር ለቋል ቄሱ» ብለው፣ የማይነገር ነገር እንዳመለጠው ሰው አፋቸውን ያዝ አደረጉ። ከዚያ ላሞቹን በችኮላ ነድተው ሄዱ።

አባባ ጥቂት ተራመዱና ቆሙ። ጥምጣማቸውን ዳሰሱ።

«ጽናት፣ እዚህ ቦታ ፀሐይ አናቴን መትታኝ አታውቅም።»

በትራቸውን ወደፊት ሲሰዱት ጉቶ መታ። ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ዳር እስከ ዳር ዳሰሱት፣ ጣታቸውን አሸተቱ። «ጥድ» አሉ። ሌላ ጉቶ፣ ደግሞ ሌላ።

«መነኮሳቱስ?»

ከዳር አንድ ትልቅ ዝግባ ብቻ ቀርቷል። ጉሬዛዎቹ እሱ ላይ ተጨናንቀው፣ ጅራታቸውን አንጠልጥለው ወደ እኛ ያያሉ።

«አሉ። አንድ ዛፍ ላይ ናቸው።»

«ሁሉም?»

«የቀሩት።»

የዓመት ንዴቴ ምላሴ ላይ መጣ። ስሙን ልጠራው አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱ።

«ተይው፣ ስም አትጥሪ። እዚህ አገር ዶሮ ሲሰረቅ እንኳን የሌባው ስም ከነአባቱ ይነገረኛል። ይሄን ሁሉ ዛፍ የቆረጠውን ግን አንድ ሰው አልነገረኝም። የማን አባት ብሆን ነው እንዲህ የታዘነልኝ?» ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው፣ «አንቺንም ሆድሽን ካመመሽ ዓመት አለፈሽ» አሉ።

እጃቸውን ትከሻዬ ላይ መልሰው ወደ ቤት ወረድን። ይህን ቀን ስንት ጊዜ ተመኝቼው ነበር! የተበቀልኩ ይመስለኛል ብዬ ነበር፤ የበቀል ጣዕሙ ግን እሬት ሆነብኝ።

ምሳ ቀርቦ ነበር። ወንድምአገኘሁ እንደ ሁልጊዜው ማስታጠቢያውን ይዞ አባባ ፊት ተንበረከከ። አባባ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው፣ ጆሯቸውን ሰጥተው ጠበቁ። ምን እንደሚጠብቁ ገባኝ። «አባቴ፣ ይፍቱኝ» ቢል፣ ይህን ብቻ ቢል፣ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ብለው ንስሐውን ሰጥተውት አብረውት ይቆርሳሉ። የገዘተ ይፈታል። በል፣ ተናገር እያልኩ በሆዴ ለመንኩት፤ እኔ፣ ስሙን ልጠራ የነበርኩት! ወንድምአገኘሁ ሁለታችንንም አየን። ማስታጠቢያውን ወደ አባባ አስጠጋ።

«ይታጠቡ እንጂ አባባ» አለ፤ «ሽሮው እየቀዘቀዘ ነው።»

አባባ ጥቂት ጠበቁት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ።

«ጽናት፣ ለእኔም ለብቻዬ አቅርቢልኝ» አሉ። «እኔንም ሆዴን አሞኛል።»