ከመቶ አምስት እጅ

ሰውየው ሠላሳ አንድ ዓመት የሚዛን መርማሪ ነበሩ። በየገበያው እየዞሩ የነጋዴውን ሚዛን ሲፈትሹ ስለኖሩ ባልደረቦቻቸው «አባ ጠርጥር» አሏቸው፤ ጡረታ ወጥተውም ስሙ አልለቀቃቸውም።

ሚስታቸው ጉሮሮዋ ላይ ዕጢ ተገኘና ሠላሳ ሦስት ቀን ጨረር ታዘዘላት። በመጀመሪያው ቀን የሆስፒታሉ ቴክኒሻኖች ጠባብ አልጋ ላይ አስተኟት፤ በፊቷ ልክ የተሠራ ጭንብል አጥልቀው እንዳትንቀሳቀስ ከአልጋው ጋር አያያዙትና ተከታትለው ወጡ። እንደ ግድግዳ የወፈረው በር ቀስ ብሎ ተዘጋ።

«ደግ ነገር ከሆነ እናንተ ለምን ትሸሻላችሁ?» አሉ አባ ጠርጥር።

«እኛ እኮ ቀኑን ሙሉ እዚሁ ነን፣ አባባ። ለእሳቸው የታዘዘው ለእኛ አልታዘዘም» አለ አንዱ ቴክኒሻን።

መልሱ አልጣማቸውም። ሚስታቸው ወጥታ በሻከረ ድምፅ «ምንም አልተሰማኝም፤ ሲያጉረመርም ብቻ ሰማሁ» ስትላቸው ደግሞ ጭራሽ ባሰባቸው። የማይታይ፣ የማይሸት፣ ሲገባ የማይሰማ መድኃኒት! ማሽኑ ባዶውን ቢያጉረመርምስ ማን ያውቃል? ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተር ገዝተው፣ ከበሩ በላይ ያለው ቀይ መብራት ስንት ደቂቃ እንደበራ ይጽፉ ጀመር።

«አንተ ሰው፣ ልታስታምመኝ ነው ልትሰልል የመጣኸው?» ትላቸዋለች ሚስታቸው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ከሁሉም ቀድመው ደረሱ። ቀዩ መብራት በርቷል፤ ማሽኑ ያጉረመርማል። በሽተኛ ግን አንድም አልገባም። ቆይቶ መብራቱ ጠፋና የፊዚክስ ባለሙያዋ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰች ቀጭን ሴት፣ ከመቆጣጠሪያው ክፍል ወጥታ ለቴክኒሻኑ አንሾካሾከችለት። ወዲያው እዚያ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ «ማሽኑ ዛሬ አይሠራም» ተባለ።

የአባ ጠርጥር ደም ፈላ። ኮሪደሩ ላይ ደረሱባትና «ጆሮዬ እየሰማ ሲሠራ ነበር! ለማን ደብቃችሁት ነው? በጓሮ በር ለሚገባ ዘመድ?» አሏት።

ባለሙያዋ አልተቆጣችም። «ይግቡና ይዩ፣ አባቴ» አለች።

አልጋው ላይ በሰው ፋንታ ውሃ የሞላ ግልጽ የፕላስቲክ ሣጥን ተቀምጧል፤ ጫፉ ላይ መለኪያ ያለው ቀጭን ገመድ ገብቶበታል። ከላይ ያንዣበበውን የማሽኑን ክንድ በእጇ መታ መታ አደረገችው።

«እዚህ ውስጥ የመዳብ ቱቦ አለ። ኤሌክትሮን የሚባሉ ዓይን የማያያቸው ቅንጣቶች በአንድ ጫፍ ይገባሉ። ኃይለኛ ሞገድ፣ ደራሽ ውሃ ግንድ ይዞ እንደሚሄደው፣ ይዟቸው ይከንፋል። አንድ ሜትር በማትሞላ መንገድ የብርሃንን ፍጥነት ሊያክሉ ጥቂት ይቀራቸዋል። ከዚያ ጠንካራ ብረት ላይ ሲላተሙ ጨረር ይወጣል። ዕጢውን የሚያደርቀው እሱ ነው።»

«ለዚህ ብላችሁ ነው የፈጠራችሁት?»

«የለም። መጀመሪያ ዓለም ከምን እንደተሠራች ለማወቅ ነበር። ዛሬም ከመሬት በታች ከተማ የሚያህል ክብ ቆፍረው ቅንጣትን ከቅንጣት የሚያላትሙ አሉ። ይሄኛው የእነሱ ታናሽ ነው።»

«ታዲያ ዛሬ ምን ነካው?»

«በየጠዋቱ ሰው ሳይገባ እለካዋለሁ። ትናንት ልክ ነበር። ዛሬ ከመቶ አምስት እጅ ጨምሯል።»

«መለኪያሽ ቢዋሽስ?»

«እኔም እሱን ጠርጥሬ በሌላ መለኪያ ደገምኩት። ያው ነው።»

«መለኪያዎቹንስ ማን ይመረምራቸዋል?»

ከመሳቢያ የምስክር ወረቀት አውጥታ ሰጠቻቸው። ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ማኅተሙንም ወደ መብራቱ አንሥተው አዩት። ይህች ሴት ከእሳቸው የባሰች ተጠራጣሪ መሆኗ ያን ጊዜ ገባቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ቀለል አላቸው።

ይህን ሲነጋገሩ የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ እየተጣደፈ ገባ። «ስልሳ ሰው ይጠብቃል! አምስት እጅ ምን አላት? አስጀምሪው፤ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ።»

«አላስጀምርም» አለች ባለሙያዋ።

«ጌታው» አሉ አባ ጠርጥር፣ «ኃላፊነቱን የሚወስዱት በማን ጉሮሮ ነው? የዛሬዋ ተረኛ ሚስቴ ናት። እኔ ‹አምስት እጅ ምን አላት› ያለኝን ሁሉ ሚዛኑን አሽጌበታለሁ።»

ይህን ብለው ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ከሩቅ የመጡ በሽተኞች ይጮኻሉ፤ አንዷ ታልቅሳለች።

«ስሙኝ!» አሉ። «እዚህ ቤት እንደኔ የሚጠራጠር የለም፤ አሥራ አንድ ቀን ስጽፍባቸው ነው የከረምኩት። ዛሬ ግን ልጅቷ ልክ ናት። የበዛ ጨረር ከምትወስዱ ብትመለሱ ይሻላችኋል።»

ሰዉ እያጉረመረመ ተበተነ። ማሽኑ በሁለት ቀን ተጠገነ፤ የተዘለሉት ቀናት መጨረሻ ላይ ተጨመሩ።

ቀላል አልነበረም። በኋለኞቹ ሳምንታት የሚስታቸው አንገት ጠቆረ፣ ተላጠ፤ ምራቋን መዋጥ እንኳ አቃታት። አባ ጠርጥር ሌሊት ተነሥተው ትንፋሿን ያዳምጡ ነበር።

በአራተኛው ወር ሐኪሙ ጉሮሮዋን በካሜራ አየና «ለጊዜው ምንም አይታይም» አለ።

«ለጊዜው ማለት?» አሉ አባ ጠርጥር፣ ወንበራቸውን ወደ ፊት ስበው።

«ተወው አንተ» አለች ሚስታቸው። «እኔ ለጊዜውም ይበቃኛል።»

አባ ጠርጥር ወንበራቸውን ወደ ቦታው መልሰው ተነሡ። እጇን ይዘው አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ በእግር ሄዱ።