የተበየደው በር

ልብስ ሰፊዋ ከልጇ ቤት ስትመለስ ከታክሲው ወረደች፣ ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች፣ ቀና ብትል የገዛ ቤቷን አጣችው። መንገዱ ያው ነው። የመብራት ምሰሶውም ያው ነው። ትታው የሄደችው ሰማያዊ የእንጨት በር ግን የለም፤ በቦታው እንደ መጋዘን መዝጊያ ያለ ጥቁር የብረት በር ተገትሯል። መስኮቶቹ ላይ የሕፃን እጅ የማያሳልፍ ፍርግርግ ተበይዷል። አጥሩ ጫፍ ላይም እንደ ጦር የሾሉ ብረቶች ተደርድረዋል።

«ማንን አስረውበት ነው በሞቴ?» አለች ብቻዋን።

ቁልፏን አውጥታ ሞከረች፤ ቀዳዳው አልተቀበለውም። የወለደች ልጇን ልታርስ ሄዳ፣ የልጅ ልጇን አቅፋ ወራት ከርማ፣ አሁን በገዛ ደጇ እንደ እንግዳ ቆመች። ደሟ ፈላ። ድሮም ንዴትን ውጦ ዝም ማለት የሚሉትን ጥበብ ማንም አላስተማራትም።

ታናሽ ወንድሟ በያጅ ነው፤ አስፋልቱ ዳር ወርክሾፕ አለው። ስትደውልለት የቱታውን ቁልፍ እንኳ ሳይቆልፍ እየሳቀ መጣ። እጁ ላይ አንድ እፍኝ ቁልፍ ይንሿሿል።

«እትዬ! እንኳን ደህና ገባሽ! አየሽው? ላስደንቅሽ ብዬ እኮ ነው ያልነገርኩሽ!»

«ደንግጫለሁ። ክፈት።»

«ቆይ፣ መጀመሪያ ይህን እዪልኝ። አንዴ ስታዞሪው ሦስት ቦታ ነው የሚቆልፈው። ላሜራው ድርብ ነው። ከታች ደግሞ ዝናብ እንዳይገባ የብረት ደፍ ሠርቼለታለሁ። ሌባ ቢመጣ ጥርሱን አራግፎ ይመለሳል እንጂ...»

«ክፈት አልኩህ!»

ከፈተው። በሩ ሲከፈት ያወጣው ሽታ ሁለቱንም ወደ ኋላ መለሳቸው። የሻገተ ጨርቅ፣ የበሰበሰ እንጨት። ወለሉ ላይ ተረከዝ የሚሸፍን ውሃ ቆሟል፤ ዝናብ እንዳይገባ የተሠራው ደፍ ውሃውን እንደ ገንዳ አቅፎ ይዞታል። ማብሪያውን ብትጫነው መብራት የለም። በመስኮቱ ብርሃን ዓይኗን ስታንከራትት የስፌት መኪናዋ ጠረጴዛ አብጦ ተሰንጥቋል፤ መሳቢያው አፉን ከፍቶ ቀርቷል፤ መርፌው ዝጓል። ለተማሪዎች ዩኒፎርም ያስቀመጠችው ጥቅል ጨርቅ ከሥሩ ጀምሮ ጠቁሯል። ወጥ ቤት ስትገባ የእቃ ማጠቢያው ቧንቧ ከመገጣጠሚያው ላይ ለሁለት ተከፍሎ አገኘችው።

«እየመጣህ ታየው አልነበረም?»

«በየቀኑ! እመኚኝ እትዬ፣ አንድም ቀን አላጓደልኩም። እየመጣሁ ቁልፉን ነቅነቅ አድርጌ ነው የምሄደው።»

«ውስጡንስ?»

ወንድሟ ግራ ገባው። «በሩ ተቆልፎ ሳለ ውስጡ ምን ይሆናል?»

ውሃውን እየረገጠች በጓሮ በኩል ወጣች። ጓሮዋንና የጎረቤቷን ጓሮ የሚለየው የብሎኬት ግንብ ላይ፣ ጎንበስ ተብሎ የሚታለፍ አንድ ትንሽ የሳንቃ በር ነበረ። በዚያ በር ጨው አልፏል፣ መርፌ አልፏል፣ ትኩሳት የያዘው ልጅ አልፏል። ከዚያ ማዶ የምትኖረው ሽንኩርት ሻጭ ናት፤ አፏ ስለማይዘጋ ሰፈሩ «ሬዲዮ» ይላታል። ልብስ ሰፊዋ መንገድ ስትወጣ የኋላውን በር ቁልፍ የምትሰጠው ለሬዲዮ ነው። ሬዲዮ ጠዋት በዚያች በር ሾልካ መስኮት ትከፍታለች፣ ደጅ ትጠርጋለች፣ ገመዱ ላይ ያልታጠበም ቢሆን ልብስ ታሰጣለች፣ ሲመሽ አንድ አምፖል ታበራለች። ለአላፊ አግዳሚው ቤቱ ሰው አለው። ስንት ዘመን እንዲህ ሲጠበቅ ማንኪያ አልጠፋም።

አሁን በሳንቃው ቦታ ላሜራ ተለጥፎ ዙሪያውን ተበይዷል። የብየዳው ጠባሳ ገና ጥቁር ነው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የሌባ መግቢያ እኮ ነው እትዬ። ዋናውን ቆልፎ ይህን መተው...»

«በዚህ የሚገባው ማን ነው?»

ወንድሟ ጫማውን አየ። «የሰው እጅ ምን ይታወቃል?» አለ ዝግ ብሎ።

ነገሩ የተበላሸው ገና ከመሄዷ በፊት ነው። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ? እሷም ሁለት ባላ ተከለች። ሬዲዮን «ቤቴን አደራ» አለቻት፤ ወንድሟንም «ቤቴን አደራ» አለችው፤ አንዱ ስለ ሌላው እንዲያውቅ ግን አላደረገችም። አንዱ ባላ ተነስቶ ሌላውን ይነቅለዋል ብሎ ማን ያስባል?

በሁለት እርምጃ የምትደርስበት ቤት ለመሄድ መንገዱን ዞረች። ሬዲዮ ግቢዋ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትለቅማለች፤ የተበላሸውን ወደ ባልዲ ትወረውራለች። ቀና አላለችም።

«እንደምን ዋልሽ?»

«ይመስገነው። እርስዎስ እንደምን ከረሙ?»

እርስዎ! አንድ ጡት እንደጠቡ ሲሰዳደቡ የኖሩ ሴቶች ናቸው። ቃሉ ልብስ ሰፊዋን እንደ ጥፊ አጮላት።

«አንቺ፣ እርስዎ ምን አመጣው?»

«የብረት በር ያለው ሰው አንቺ አይባልም።»

«ስሚኝ። እኔ ስለዚህ በር የማውቀው የለም።»

«አታውቂም?» ሽንኩርቱ ከእጇ ወደቀ፤ እርስዎውም አብሮ ወደቀ። «ደውዬ ነግሬሽ የለም? ወንድምሽ በሩን እየዘጋው ነው፣ ምንድን ነው ነገሩ ስልሽ፣ ‹እሱ ያውቃል፣ ከእሱ ጋር ተነጋገሩ› ብለሽ ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው!»

ልብስ ሰፊዋ ትዝ አላት። ሕፃኑ በአንድ ክንዷ ላይ ሆኖ ሲያለቅስ ነበር። ግማሹን ሰማች፣ ግማሹን አልሰማችም፤ የትኛው በር ብላ እንኳ አልጠየቀችም። ትዝ ማለቱ ንዴቷን አላበረደውም። እንደ ጋዝ አነደደው እንጂ።

«ውሃውስ? አልሰማሽውም?»

«እንዴት አልሰማውም! በግንቡ በኩል ሽሽ ሲል፣ ቧንቧ ፈነዳ ብዬ ሽንኩርቴን ሜዳ ላይ ጥዬ ወርክሾፑ ድረስ ሮጥኩ። ምን አለኝ መሰለሽ? ሠራተኞቹ ፊት፣ ደንበኞቹ ፊት፣ ‹አንቺ ሴትዮ፣ ለመግባት ምክንያት ፈልገሽ ነው?› አለኝ። ሳቁ። ያ ጥርሰ ፍንጭት ሠራተኛው እንባው እስኪወጣ ሳቀ። በዚህ ዕድሜዬ ሌባ ተብዬ ተሳቀብኝ!»

«እና ዝም አልሽ?»

«ዝምማ አላልኩም። መንገድ ላይ ያለው የውሃ ቆጣሪሽ ጋ ሄጄ መዝጊያውን ጠምዝዤ ዘጋሁት። እሱን መበየድ ረስቶታል።» ከመቀነቷ ቁልፍ ፈትታ ሽንኩርቱ ክምር ላይ ጣለችው። «ይኸው ቁልፍሽ። በሩን ግን እሱን ጠይቂው።»

«እኔ እኮ ቅዳሜ ተመልሼ እሄዳለሁ። የልጄ የወሊድ ፈቃድ አልቋል፤ ሥራ ካልገባች ይተኳታል፣ ሕፃኑን የሚይዝላት የለም። ቤቱን ያላንቺ ለማን ልተወው?»

«ለብረቱ ተይው።» ሬዲዮ ወደ ሽንኩርቷ ዞረች። «አደራ ጥብቅ ነው፣ ሰማይ ሩቅ ነው ሲባል ሰምቼ ነበር። አሁን አደራም በብየዳ ሆኗል።»

ልብስ ሰፊዋ በቀጥታ ወርክሾፑ ገባች። ወንድሟ የብየዳ ፊት መከላከያውን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ከአንድ ደንበኛ ጋር ስለ አጥር ይነጋገራል።

«ና። ያቺን በር ክፈትልኝ። ሴትየዋንም ይቅርታ ትላታለህ።»

«እትዬ፣ ሰው ፊት...»

«እሷንም ሰው ፊት ነው ያዋረድካት!»

ጥርሰ ፍንጭቱ ሠራተኛ የብየዳ ኤሌክትሮድ ፍለጋ ጎንበስ አለ፤ ቶሎም ቀና አላለም።

«ቧንቧውን እኔ አላፈነዳሁትም!» ወንድሟም ጮኸ። «እሁዴን ሁሉ የጨረስኩት እዚያ ቤት ላይ ነው! ብረቱን ተሸክሜ፣ ዓይኔ በብልጭታው ተቃጥሎ፣ እህቴ ስትመጣ ደስ ይላታል ብዬ! ምስጋናሽ ይህ ነው?»

ድምፁ ተሰበረ። ሌላ ቀን ቢሆን አንጀቷን ይበላት ነበር። ዛሬ ግን አንጀቷ ውስጥ የቆመው ያ የሸተተ ውሃ ነው።

«ሌባ አላስገባህም፤ እውነት ነው። ውሃ አሳደርክበት እንጂ። እንዲያ ያለ በር ያየ ሌባ ደግሞ ወርቅ አለ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ድሮ እኮ ማንም ዞር ብሎ አያየኝም ነበር! ቤቴ ውሃ ሞላ ብላ እየሮጠች የነገረችህን ሰው ሳቅክባት። ትመጣለህ አትመጣም?»

«ለአንዲት ሽንኩርት ሻጭ? አልመጣም!»

ከግድግዳው የተደገፈውን ትልቁን መዶሻ አነሳች። ደንበኛው አጥሩን ረስቶ ወደ በሩ ሸሸ።

«እትዬ፣ ከባድ ነው እኮ...»

«አንተን አዝዬ አሳድጌያለሁ። ከዚያ አይከብድም።»

መዶሻውን ትከሻዋ ላይ አድርጋ አስፋልቱን ተሻገረች። ቤቷ ገባች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ቋጠረች፣ ላሜራውን መታችው። ጓ! ሰፈሩ ሁሉ ደነገጠ። ጓ! ውሾች ጮኹ። ላሜራው ጎደጎደ እንጂ ብየዳው ንቅንቅ አላለም፤ የወንድሟ ሥራ ጠንካራ መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። ብሎኬቱ ግን መሰንጠቅ ጀመረ። ክፍት በቀረው የብረት በር ፊት፣ መንገድ ላይ፣ ሰው ተሰበሰበ፤ አንዷ «ቤት እያፈረሱ ነው እንዴ?» ስትል ሌላዋ «በር እያንኳኩ ነው» አለቻት።

ወንድሟ መቁረጫ ግራይንደሩን ታቅፎ እየሮጠ ደረሰ።

«ግንቡ ይናድብሻል! ተይ! እኔ እቆርጠዋለሁ፣ ተይ በእናታችን!»

መዶሻውን አወረደች። ላቧ ዓይኗ ውስጥ ገብቷል። «ቁረጥ።»

ሶኬት ሰካ፤ ግራይንደሩ ዝም አለ። ውሃው መብራቱን ጥሎታል።

«መብራት የለም እኮ።»

«ከማን እንደሚገኝ ታውቃለህ።»

ወንድሟ ግንቡን አየ፤ እህቱን አየ፤ መንገድ ላይ የተሰበሰበውን ሰው አየ። ጉሮሮውን ጠራረገ። «እትዬ!» ብሎ ወደ ማዶ ተጣራ።

እንደገና ተጣራ።

«እትዬ፣ አንዴ መብራት ልቀጥል ነበር...»

«ማን ነው እሱ?» አለች ሬዲዮ ከግንቡ ማዶ። ከጅምሩም ግንቡ ሥር ቆማ ነበር። «ለመግባት ምክንያት ፈልገህ ነው?»

መንገድ ላይ አንድ ሰው ፈገግ አለ፤ ሳቁ ተዛመተ። የወንድሟ ጆሮ ቀላ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«አልሰማሁም። ወርክሾፕህ ውስጥ ድምፅህ ከዚህ ይበልጥ ነበር።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ አልኩ! አጥፍቻለሁ! የነገርሽኝ እውነት ነበር!»

ከዚያ በግንቡ ላይ የመብራት ማስረዘሚያ ገመድ ተወረወረ።

ብልጭታው ጓሮውን ሞላው። የመጨረሻው ብየዳ ሲቆረጥ ላሜራው ጭቃው ላይ ወደቀ፤ ከኋላው ግን መንገድ የለም። ሬዲዮ በበኩሏ በርሜልና የሽንኩርት ጆንያ ደርድራ ዘግታዋለች።

«መዝጋት እናንተ ብቻ የምትችሉ መስሏችኋል?» አለች በጆንያዎቹ መሃል አንድ ዓይኗ ብቻ እየታየ። «አሁን ስሚኝ። እኔ ከሌላ ሰው ጋር ተሻርኬ ቤት አልጠብቅም። አደራው የእኔ ከሆነ የእኔ ብቻ ነው። ቁልፍ እሱ እጅ ካለ በርሜሌ ካለበት ንቅንቅ አይልም።»

ልብስ ሰፊዋ እጇን ወደ ወንድሟ ዘረጋች።

«እትዬ... እኔ እኮ ወንድምሽ ነኝ።»

«ነህ። ቁልፉን አምጣ።»

እፍኝ ሙሉውን ቁልፍ መዳፏ ላይ ሳይሆን እግሯ ሥር ጣለው። «ሌባ ሲገባ እንዳትደውይልኝ።»

«አልደውልልህም።»

ግራይንደሩን ታቅፎ፣ መዶሻውን እየጎተተ፣ በዚያ ሦስት ቦታ በሚቆልፈው በር ወጣ። ሰው መንገድ ለቀቀለት። ልትጠራው አፏን ከፍታ ነበር፤ የሻገተው ጨርቅ ሸተታትና መልሳ ዘጋችው።

በርሜሉ እየተንጓጓ ወደ ጎን ተንከባለለ። ሬዲዮ ጎንበስ ብላ አልፋ ገባች፤ ውሃውን አየች፣ ያበጠውን ጠረጴዛ አየች፣ የዛገውን መርፌ በጣቷ ነካችው።

«ይቅር ያልኩሽ እንዳይመስልሽ» አለች።

«አልመሰለኝም።»

«እስክትሄጂም አላናግርሽም።»

«አታናግሪኝ። ያንን ጫፍ ያዢልኝ።»

ውሃ የጠጣው ጥቅል ጨርቅ እንደ ሰው ይከብዳል። ሁለቱ ሴቶች አንስተውት፣ ከጨርቁ የሚጨመቀው ጥቁር ውሃ እግራቸው ላይ እየፈሰሰ፣ ፀሐይ ወዳለበት ወደ ሬዲዮ ግቢ በጠባቧ ቀዳዳ ማሳለፍ ጀመሩ።

«ወደ ግራ! ግራሽን አታውቂም እንዴ?»

«አላናግርሽም ብለሽ አልነበር?»

«ይህ መናገር አይደለም፣ መስደብ ነው! ዝቅ አድርጊው፣ አንቺ ደንቆሮ፣ የቀረው የብረት ጠርዝ ይቀደዋል!»