ወደ ውስጠኛው ክብ

ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። እግሩ ሲሚንቶውን ረዘም አድርጎ ሲፍቅ፣ ዓይኔን እንደጨፈንኩ ማን ይሆን እያልኩ አብረውኝ ዝም ብለው የተቀመጡትን ሰዎች በሐሳቤ ዞርኳቸው። ታናሽ ወንድሜ ግን ፈጽሞ አልመጣልኝም። ዓይኔን ብገልጥ እሱ ነው፤ ከውስጠኛው ክብ ገብቶ፣ ጡት እንደጠገበ ሕፃን ተረጋግቶ ተቀምጧል።

በዚያ ቤት ሰባኪ የለም። ጡረታ የወጡ ነርስ ሳሎናቸውን ይከፍቱልናል፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም እንላለን። አዲስ ሰው ከግድግዳው ሥር ይቀመጣል። በዝምታው ውስጥ የሆነ ነገር ያገኘ ቀን ማንንም ሳያስፈቅድ ወንበሩን ወደ ውስጠኛው ክብ ያስጠጋል። ምን አገኘህ ብሎ የሚመረምር የለም። እምነታቸውም ይኸው ነው፤ ሰው ዝም ሲል አይዋሽም ይላሉ።

ቤቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ከልጅነት ሃይማኖታችን ቀድሜ የወጣሁትም፣ እናታችን ሦስት ወር ያኮረፈችኝም እኔው። ታናሼ ያኔ የጸሎት ቤቱን መዝሙር እያንጎራጎረ እንጨት ይልግ ነበር። ብቻዬን መሄድ ሰልችቶኝ ይዤው መጣሁ። እኔ ዓመት ከመንፈቅ ግድግዳ ተደግፌ ከሆዴ ጩኸት በቀር የሰማሁት የለም፤ እሱ በሦስተኛው ሳምንት ገባ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል። እዚህ ግን ውሻው ውጭ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ አብረን የምንሠራበት የእንጨት ቤት ጠበበኝ። መጋዝ በመስበር የታወቀው ወንድሜ አሁን ሙጫው እስኪይዝ ድረስ አጠገቡ ቆሞ ይጠብቃል። ደንበኛው ሁሉ የሱን እጅ ይመርጣል። እናታችን እንኳ ከሃይማኖታችን መውጣቱን ስትሰማ፣ መቼም እሱ የገባበት ነገር ክፉ አይሆንም አለች። አንድ ቀን ቀልድ አስመስዬ፣ ያገኘኸውን ለእኔም ቆንጥርልኝ አልኩት።

“ጋሼ ሙት ምንም የለም” አለኝ እየሳቀ። “መጠበቁን ስተወው መጣ።”

ደበቀኝ ብዬ ቂም ያዝኩ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ቀድሜ ሄድኩ። ወንበሬ ስለሚነቃነቅ ላብጀው ብዬ ነርሷን አስፈቀድኩና ከአራቱም እግሮቹ ሥር የብርድ ልብስ ቁራጭ በሙጫ ለጠፍኩ። ምንም ሳላገኝ ወደ ውስጥ ስጎትተው፣ ድምፁን ሰምቶ ሰው ሁሉ ስዋሽ እንዳያየኝ ነበር።

ሰዓቱ ሲጋመስ ተነሣሁ። ወንበሩ ትንፍሽ ሳይል ከታናሼ ጎን ደረሰ። ነርሷ ዓይናቸውን ገልጠው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

“እንኳን ደረስክ፣ ልጄ” አሉኝ በሹክሹክታ።

ለታናሼ እንዲህ አላሉትም ነበር። ምራቄ ጣፈጠኝ።

ታናሼ አፍንጫውን ሰበሰበ። ሙጫው ገና አልደረቀም፤ ያንን ሽታ በዚያ ቤት ከሁለታችን በቀር የሚለየው የለም። ጎንበስ ብሎ የወንበሬን እግር ዳሰሰ፤ ጣቱ ጨርቁ ላይ ቆመ። ድንገት አንድ ነገር ያገኘ ሰው አስቀድሞ ጨርቅ አይለጥፍም። ቀና ብሎ ሲያየኝ ፊቱ ላይ ንዴት ፈለግሁ፤ ቢናደድብኝ ይቀለኝ ነበር። ምንም አጣሁ። ዓይኑን ከእኔ ወደ ክቡ አዞረ፤ ሰው ዝም ብሎም እንደሚዋሽ ገባው።

ተነሣ። ጃኬቱን ከሚስማሩ አውርዶ እጅጌውን በዝግታ አጠለቀ። ነርሷ ምነው በሚል ዓይን አዩት። በሩን ከፍቶ ወጣ።