ሞክር ወይስ ጫን

መልሰው ሰቆጣ ከተመደበ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ሦስቱንም ዓመት ዝውውር ሲጠይቅ ነው የኖረው። የተመደበው በአንድ መሥሪያ ቤት የድምፅና ምስል ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ ማለት ግድግዳው በእንቁላል ካርቶን የተለበጠ ጠባብ ቤት፣ አንድ ማይክሮፎን፣ ወደ ኮሪደሩ የሚያሳይ አንድ ትልቅ መስታወት እና አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩን ቫይረስ በልቶታል። ቃለ መጠይቅ መሃል ቀጥ ይላል፤ የተቀረጸውን ሰው ያንተባትባል። መልሰው ደግሞ የመጣበትን ከተማ እያነሳ "ደብረ ታቦር ቢሆን ይህን ለልጅ መጫወቻ አንሰጠውም" እያለ ያላገጠበት ቀን ብዙ ነው።

ያመጣው መላ ግን ጥሩ መላ ነበር፤ እሱን አልነፍገውም። ለድምፅና ለቪዲዮ ሥራ ተብሎ የተሰናዳ፣ ማንም በነጻ የሚያወርደው፣ ውስጡን ለማየትም ለመለወጥም ለሁሉ ክፍት የሆነ ስርዓተ ክወና፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚሉት፣ አለ። የሰቆጣ ኔትወርክ ይህን የሚያህል ነገር አያሳልፍምና ወልድያ ድረስ ሄዶ፣ ሁለት ቀን ሆቴል ተቀምጦ አወረደው። ፍላሽ ላይ አዘጋጅቶም ተመለሰ። ፍላሹ ተሰክቶ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሁለት ምርጫ ብቅ ይላል፦ ሞክር ወይስ ጫን። "ጫን" ያሉት እንደሆነ አሮጌውን ጠርጎ ዲስኩ ላይ ይተከላል። "ሞክር" ያሉት እንደሆነ ዲስኩን ሳይነካ ከፍላሹ ይነሳል። ያን ጊዜም ይቀረጽበታል፣ ይቆረጥበታል፣ ይቀመጥበታል፤ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ግን የተቀመጠው ሁሉ አብሮ ይጠፋል።

"ጫን" የሚለውን ሊነካ አልቻለም። የንብረት ክፍሏ ወይዘሮ ምንትዋብ "ያለ ደብዳቤ የመንግሥት ዕቃ ውስጡ አይጠረግም" አሉ። ጉዳዩ ኮሚቴ ገባ፤ ኮሚቴው ደግሞ ሰው እየጎደለበት ሳይሰበሰብ ከረመ። ስለዚህ መልሰው ወር ሙሉ በ"ሞክር" ሠራ። ከመውጣቱ በፊት የቀኑን ሥራ በተንቀሳቃሽ ዲስኩ ይገለብጣል፤ በማግስቱ ከባዶ ይጀምራል። ይህን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ሌላው ሰው የሚያውቀው ድምፁ መጥራቱን ብቻ ነበር።

ሶስና በአገሩ ቋንቋ በኽምጣና የሚተላለፈው ፕሮግራም አዘጋጅ ናት፤ የአጎራባቹ የዝቋላ ወረዳ ልጅ፣ ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላት። አማርኛዋ ላይ ኽምጣናው ይሰማል፤ መልሰው ሻይ ቤት ተቀምጦ አነጋገሯን እያስመሰለ ያስቃል። አንድ ሰኞ ግን ሳቁ ዞረበት። አንድ ሽማግሌ ስለ ድርቁ በኽምጣና የተናገሩትን መሃል ላይ ቆርጦ አስተላልፎት ኖሮ፣ ሶስና በስብሰባ ላይ ተነሳች።

"ያለቁባቸውን ፍየሎች ቆጥረው ሲያበቁ 'ልጄ ግን ተርፋለች' ነው ያሉት። አንተ 'ልጄ ግን' ላይ ቆረጥከው። ሰው ልጅቱ የሞተች መስሎት ለለቅሶ ሄደባቸው። መልሰው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የምትቆርጠውን አታውቀውም እኮ!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ኃላፊው እንኳ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። መልሰውም አብሮ ሳቀ፤ ሆዱ ውስጥ ግን ያቺን ሰኞ ቋጥሮ አስቀመጣት።

ሦስት ሳምንት እንዳለፈ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ሶስና አባቷን ይዛ መጣች። መሪጌታ ገብረ ጻድቅ ከጽጽቃ ማዶ ካለች ደብር ሁለት ቀን ተጉዘው ነው የደረሱት። ጉሮሯቸው ላይ እባጭ ወጥቶ፣ የባሕር ዳሩ ሐኪም ማንቁርታቸው ተቆርጦ እንዲወጣ ወስኗል። ቀጠሮው ሰኞ ነው። ከሰኞ በኋላ ድምፅ የሚባል ነገር አይኖራቸውም። አርባ ዓመት ዜማ አስተምረዋል፤ ተማሪዎቻቸውን ጦርነቱና ድርቁ በትኗቸው፣ ዜማውን ከእሳቸው የሚረከብ ሰው አልቀረም።

"በሞትኩት መልሰው" አለች ሶስና። "ነገ ሲነጋ እንሳፈራለን። የአባባን ድምፅ ዛሬ ቅረጽልኝ። ሌላ ቀን የለኝም።"

"እሺ" አለ፤ ደስም አለው። ስትለምነው ማየት ናፍቆት ነበር።

መሪጌታ ወንበር ቢቀርብላቸው "ዜማ ተቀምጦ አይባልም" ብለው መቋሚያቸውን ይዘው ማይክሮፎኑ ፊት ቆሙ። ድምፃቸው ሻክሯል፤ ከፍ ሲል ይሰነጠቃል፤ ግን አልተዉም። እያረፉ፣ ምራቃቸውን በጭንቅ እየዋጡ፣ የመጀመሪያውን ጨርሰው ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው ሄዱ። መልሰው እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ቀረጻ በሕይወቱ ሠርቶ አያውቅም። በመጨረሻ ተቀመጡና ሶስናን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው በኽምጣና ያናግሯት ጀመር። እሷ እግራቸው ሥር ተንበርክካ አለቀሰች። መልሰው አንድም ቃል አልገባውም።

አርባ ሁለት ደቂቃ ሆነ። ሶስና ራሷ "አባባ" ብላ ጽፋ አስቀመጠችው።

"ምንድን ነው ያሉሽ?" አላት።

"የሠርጌን ምርቃት ነው። ስወልድ የሚመርቁኝንም ጨምረው።" በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች። "ያን ጊዜ አፍ ስለማይኖራቸው አሁን መረቁኝ። በሠርጌ ቀን አሰማዋለሁ። ተቀምጧል አይደል?"

"ተቀምጧል።"

ውሸት አይባልም፤ በዚያች ሰዓት ተቀምጦ ነበር። ሶስና ከቦርሳዋ ፍላሽ አወጣች።

"እዚህም ላይ ገልብጥልኝ።"

"ፍላሽሽ ቫይረስ አለው። ይህን ንጹሕ ማሽን አላስነካም።"

"እባክህ መልሰው።"

"አታምኚኝም ማለት ነው? የምቆርጠውን ባላውቅ የማስቀምጠውን አውቃለሁ።"

የልጅቱ ፊት ደም መሰለ። ፍላሹን መልሳ ከተተችና "አምንሃለሁ፤ ይቅርታ" አለች። መሪጌታም በዚያ በተሰነጠቀ ድምፃቸው "እጅህ ይባረክ ልጄ" ብለውት ወጡ።

ተንቀሳቃሽ ዲስኩ እዚያው ቦርሳው ውስጥ ነበር። መገልበጡ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። መልሰው ግን አልቸኮለም። ሲመሽ እገለብጠዋለሁ አለ። ከዚያ ስትመለስ በስብሰባ መሃል ይነሳና "እኔ ባልገለብጠው ኖሮ የአባትሽ ድምፅ ጠፍቶ ነበር" ይላታል። ቤቱ ጸጥ ይላል። እሷም ተነስታ ታመሰግነዋለች። ይህን እያሰበ ምሳውን ጥሩ አድርጎ በላ።

ስምንት ሰዓት ላይ የጸሐፊዋ እናት ማረፋቸው ተሰማ። መሥሪያ ቤቱ እንዳለ ለለቅሶ ወጣ። መልሰውም ኮምፒውተሩን እንደበራ ትቶት ነጠላውን ደርቦ ተከተለ።

በስቱዲዮው በር ላይ ግን በራሱ በመልሰው እጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። አምና መብራት ሲሄድ ሲመጣ አንድ ፕሪንተር ተቃጥሎ ነበር። ጥፋቱ የመልሰው ሆኖ ሳለ በጥበቃው በጋሽ እንግዳው ላይ አላኮ፣ ወረቀቱን ጻፈ፦ "ክፍሉ ባዶ በሆነ ጊዜ ሁሉ ጥበቃው ወዲያውኑ ቆጣሪውን ያጥፋ። ባያጠፋ ከሥራ ይሰናበታል።" ጋሽ እንግዳው ማንበብ አይችሉም፤ ሰው ለምነው ሦስት ጊዜ አስነብበው በቃላቸው ይዘውታል። አምስት ልጅ አላቸው። ያን ቀን ሁሉም ሲወጣ እሳቸው ቀሩ።

መልሰው አሥር ሰዓት ላይ ሲመለስ ክፍሉ ጨለማ ነው።

"አጥፍቼዋለሁ ጌታዬ" አሉት ጋሽ እንግዳው ከወንበራቸው ብድግ ብለው። "ገና እግራችሁ ከግቢ ሳይወጣ ነው ያጠፋሁት።"

መልሰው አልፏቸው ገባ። ቆጣሪውን ከፈተ፣ ኮምፒውተሩን አስነሳ። ሞክር ወይስ ጫን፣ አለው። ሞክር አለ። ሁሉም ነገር ንጹሕ ሆኖ ተከፈተ፤ "አባባ" የሚባል የለም። የቱንም ያህል ቢፈልግ እንደማያገኘው ከማንም በላይ እሱ ያውቃል፤ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ፈለገ።

አሁን ልብ በሉ። ሐሙስ ገና አልመሸም። ሶስና ከተማው ውስጥ ናት። መሪጌታም አሉ፤ ድምፃቸው አብሯቸው አለ። ስልክ አንስቶ "ጠፍቷል፣ ኑና ድገሙት" ቢላት እየሮጠች ትመጣ ነበር። ስልኩን አነሳ። ስሟን አወጣ፤ አንዴ ጠራ። ከዚያ ለምን በፍላሼ አልሰጠኸኝም ብትለኝስ የሚለው መጣበትና ዘጋው። ወዲያው መልሳ ደወለች።

"ደውለህልኝ ነበር?"

"መልካም መንገድ ልላችሁ ነው" አለ።

በማግስቱ ሄዱ። ሰኞ የመሪጌታ ማንቁርት ወጣ።

በሳምንቱ ኮሚቴው ተሰበሰበና ደብዳቤው ተፈረመ። መልሰው ወይዘሮ ምንትዋብ ባሉበት "ጫን" የሚለውን ነካ፤ በሃያ ደቂቃ አለቀ። ኃላፊው አጨበጨበ፤ ሌሎች ወረዳዎችም ከመልሰው እንዲማሩ ሐሳብ ቀረበ። ሶስና በየሳምንቱ ከባሕር ዳር ትደውላለች። "ድምፁን እያጠራሁት ነው፤ የንፋስ ድምፅ ገብቶበታል" ይላታል። እሷም "እግዜር ይስጥህ፣ ላንተ አሳብ ሆንኩብህ" ትለዋለች።

በስድስተኛው ሳምንት ሳይደውሉ መጡ። መሪጌታ ከስተው የሰው ግማሽ ሆነዋል። አንገታቸው ላይ በፋሻ የተሸፈነ ቀዳዳ አለ፤ ሲተነፍሱ በዚያ ይነፍሳል። ደረታቸው ላይ ደብተርና እስክሪብቶ በክር ተንጠልጥሏል። ሶስና ጠረጴዛው ላይ አንድ ቆርቆሮ ነጭ ማር አስቀመጠች።

"ላንተ ነው፤ ከቀፏቸው አስቆርጠው። መጀመሪያ እሳቸው ይስሙት፤ መንገዱን ሙሉ እሱን ነው የሚጽፉልኝ" አለችና፣ አባቷ ብቻቸውን እንዲሰሙ ብላ ወጥታ ከመስታወቱ ማዶ ቆመች። ወሬው ተሰምቶ ሠራተኛው ሁሉ ከኋላዋ ተሰበሰበ።

መልሰው ለመዋሻ ያዘጋጀው ነገር ነበረው፤ አርባ ሁለት ደቂቃ ርዝመት ያለው፣ ምንም ያልተቀረጸበት ባዶ ፋይል። "አባባ" ብሎታል። የጆሮ ማዳመጫውን በጥምጥማቸው ላይ አድርጎላቸው ከፈተው። ማዳመጫው ተበላሽቷል እላለሁ ብሎ ነበር፤ የሽማግሌውን ዓይን ሲያይ ግን አቃተው።

መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ጠበቁ። ቆይተው ማዳመጫውን ጫን ጫን አደረጉት። ደግሞ ጠበቁ። ከዚያ ፊታቸው ላይ ፍርሃት መጣ፤ ቢላዋው ጆሯቸውንም የወሰደባቸው መስሏቸው ነው። አንዱን ጆሮ ከማዳመጫው ገለጥ አድርገው መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ መቱት። አዳመጡ። ደግመው መቱት፤ በሌላኛውም ጆሮ ሞከሩት።

ከመስታወቱ ማዶ ሶስና እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ይኸው! ከዜማው ጋር እየመቱ ነው!" የምትለው በከንፈሯ ይነበባል። ወይዘሮ ምንትዋብ አቀፏት፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

መሪጌታ ጭብጨባውን አዩ። ልጃቸውን አዩ። ከዚያ መልሰውን ረዘም አድርገው አዩትና ደብተራቸውን ገልጠው፣ በተስተካከለ የደብር እጅ ጽሑፋቸው ጻፉ፦

"መቋሚያዬን ሰማሁት። ጆሮዬ ደኅና ነው።"

መልሰው አንብቦ አንገቱን ደፋ። ሽማግሌው ከሥሩ ጨመሩ፦

"አንተ ንገራት። እኔ ድምፅ የለኝም።"

በሩ ተከፈተ። ሶስና እንባዋን እየጠረገች፣ እየሳቀች ገባች።

"እስቲ እኔም ልስማ" ብላ እጇን ዘረጋች።

መልሰው አፉን ከፈተ። መልሶ ገጠመውና ማዳመጫውን አቀበላት።