ሁዳዴን የማታውቅ ላም

ሰው የሚጠፋው ባለማወቅ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እኔን ያጠፋኝ ግን ማወቄ ነው። ከዲላ በላይ ባለችው ደጋ፣ ቡሌ ላይ፣ ሳይንስ አስተምር ስለነበር፣ ስለ ላምም ከእናቴ እበልጣለሁ ብዬ አምኜ ነበር።

እናቴ ወርቂቱ ሁለት የሀበሻ ላሞች ነበሯት። የሁለቱ ወተት ተደምሮ አንዲት ጣሳ ቢሞላ ነው። ላሞቹ የሚያድሩት እኛው ቤት ውስጥ ነበር። ጠዋት ጠዋት ፍጉን በቅርጫት ትዝቅና ጓሮ ወርዳ በየእንሰቱ እግር ሥር ታደርጋለች። ትናንት ፍግ የደረሰውን ዛሬ አትደግምለትም፤ ተራውን በቃሏ ታውቀዋለች። ያ ጓሮ ከአያቴ የወረደ ነው። ቆጮ በልተን ያደግነው ከዚያ ነው፤ ዓመቱ ሲከፋ ጎረቤት እኛ ዘንድ የሚመጣውም በዚያው ምክንያት ነበር።

በ1995 መጨረሻ ላይ፣ "ሁለቱን ሸጠን አንድ ድቅል ላም እንግዛ" አልኳት።

"ምን ትበላለች?" አለችኝ። እኔና እሷ የምናወራው በጌዲኦኛ ነው፤ በየትኛውም ቋንቋ ግን ጥያቄዋ አጭር ነው።

"ሣርና ፉርሽካ። ፉርሽካውን በራሷ ወተት እንገዛዋለን።"

"ወተቱ ባይሸጥስ?"

"እማ፣ ዲላ እኮ ከተማ ነው።"

"እንግዲህ የተማርከው አንተ ነህ" አለች። እንዳመነችኝ ሳስበው እስከ ዛሬ ያመኛል።

ወተት በበጋ ስለሚወደድ፣ ጥር ላይ የምትወልድ ላም ፈልጌ ገዛሁ። በዚህ ብልጠቴ ስንት ሰው ላይ እንደተኮፈስኩ እኔ ነኝ የማውቀው። መንገድ ዳር ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ በረት ሠራሁላት። ፍጉ በውሃ እየታጠበ ወደ ቦይ ይወርዳል። እናቴ ባዶ ቅርጫቷን ይዛ ቦዩን ስታይ አገኘኋትና፣ "ንጽሕና ነው፣ እማ" ብያት አለፍኩ።

ላሚቱ ወለደች፤ በቀን አሥራ ሁለት ሊትር ትታለብ ጀመር። የማስተምረው ከሰዓት በኋላ ስለነበር ጠዋት በሚኒባስ ዲላ ወርጄ ወተቱን ቆንጅት ለምትባል የሻይ ቤት ባለቤት አስረክባለሁ። ረቡዕና አርብ ግማሹን ብቻ ስትቀበለኝ እንኳ አልነቃሁም። እኛ ፕሮቴስታንቶች ነን፤ እኛ ቤት ጾም ማለት ምሳን መዝለል ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ስትጾም ጸሎቱ ይረዝማል እንጂ ወተቱ አይከለከልም።

የካቲት ስምንት ቀን ጀሪካኔን ይዤ ስገባ ቆንጅት ወንበሮቹን እየወለወለች ነበር።

"መምህር፣ ምነው? ዛሬ እኮ ሁዳዴ ገባ።"

"እስከ መቼ?"

"እስከ ፋሲካ ነዋ። ሃምሳ አምስት ቀን።"

"ታዲያ ቀደም ብለሽ አትነግሪኝም?"

"ኧረ መምህር፣ ሁዳዴ ለሰው ይነገራል እንዴ?" አለች፤ እውነቷን ነው።

ከተማውን ዞርኩ። ሀዲጃ ሻይ ቤት ሞከርኩ፤ እሷ የራሷ ላም አላት። የእኛ ምዕመናን ለልጅ አንድ ብርጭቆ፣ ለበሽተኛ ግማሽ ሊትር ገዙልኝ። የቀረውን ይዤ ወደ ቡሌ ወጣሁ።

እናቴ ወተቱን ትንጥ ጀመር። "ቅቤውን ለፋሲካ እናቆየው፣ ያኔ ይወደዳል" አለች። አልተሳሳተችም፤ ፋሲካ ግን ሩቅ ነበር፤ ላሚቱ ደግሞ የምትበላው ዛሬ ነው። ፉርሽካ መግዣ አጣሁ፤ ሣሩን በጋው ጨርሶታል። ማጭድ ይዤ ጓሮ ወረድኩ።

መጀመሪያ ቅጠል ብቻ ነበር የምቆርጠው፤ ያንን እናቴም በበጋ ታደርገዋለች። ላሚቱ ግን አልጠግብ አለች። ከቅጠሉ ወደ ግንዱ፣ ከግንዱ ወደ ሥሩ ሄድኩ። ትንንሾቹን ጨርሼ ትልልቆቹን ያዝኩ።

"ያቺን ተዋት፤ እሷ ለከርሞ ናት" አለችኝ እናቴ አንድ ቀን።

"ፋሲካ ሲደርስ እንተካዋለን።"

"እንሰት በፋሲካ አይተካም" አለችና ወደ ቤት ገባች። ተከትያት ብገባ ኖሮ፣ ላሚቱን በዚያው ቀን ብሸጣት ኖሮ እያልኩ ስንት ጊዜ ተቆጭቻለሁ። ማጭዴን አላስቀመጥኩም።

ለፋሲካ ቅቤው ተሸጠ፤ ጥሩ ዋጋም አወጣ። በዚያን ጊዜ ጓሮው ከዳር እስከ ዳር ይታይ ነበር። ላሚቱም በእንሰት ብቻ ከስታ ወተቷ ነጠፈ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው። ላሚቱን ሸጬ አንዲት የሀበሻ ላም ገዛሁ። እናቴ ደግሞ ቅርጫቷን አንሥታ በሰባ ዓመቷ ችግኝ መትከል ጀመረች። ቡሌ ብርድ ስለሆነ እንሰት እስኪደርስ ሰባት ስምንት ዓመት ይፈልጋል። እሷ ይህን ከእኔ በላይ ታውቃለች፤ ግን ተከለች።

በ1999 ታኅሣሥ ከመኝታዋ መነሣት አቃታት። አንድ ጠዋት፣ "አሚቾ አማረኝ" አለችኝ። አሚቾ የእንሰት ሥር ቅቅል ነው፤ የሚጥመው እንሰቱ የደረሰ ሲሆን ነው። የኛዎቹ ገና ትከሻዬ ላይ አልደረሱም። ጎረቤታችን ደመላሽ ዘንድ ሄድኩ። ለምን ሳይለኝ አንድ ትልቅ እንሰት ነቅሎ ሥሩን ሰጠኝ።

ቀቅዬ፣ ቅቤ አድርጌ አቀረብኩላት። አንድ ጊዜ ቀመሰችና ቀና ብላ አየችኝ።

"የደረሰ ነው" አለች። "የማን ነው?"

የኛ ነው ልል አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣልኝም። "የደመላሽ ነው" አልኳት።

እንዳላፍር ብላ አንድ ጉርሻ ደገመች። ከዚያ ሳህኑን በቀስታ ወደ እኔ ገፋችው።

"ከሰው ጓሮ በልቼ አላውቅም ነበር" አለች። "አንተ ብላው። አንተ ገና ብዙ ትበላለህ።"