የሞላው መጋዘን

የኩባንያውን የማከፋፈያ መስመር እንደ አዲስ እንድትነድፍ የታዘዘችው እሷ ናት። የትኛው መጋዘን ይቆይ፣ የትኛው ይዘጋ፣ መኪኖቹ በየት በኩል ይዙሩ፣ ሁሉም በእሷ እጅ ነው። ጉዱ ግን ከመጋዘኖቹ የአንዱ ኃላፊ ታላቅ ወንድሟ መሆኑ ነው፤ በዚያች ደመወዙ ያስተማራት፣ በስሙ ጠርታው የማታውቀው ወንድም ጋሼ። ባዕድ ቢሆን ባልከፋ።

ለሥጋዋ አዳላች እንዳትባል ፈርታ የእሱን መጋዘን ከሌላው ሁሉ አጥብቃ መረመረች። ዕቃውን ልትቆጥር የሄደች ዕለት በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። ሳሙናው ጣሪያ ነክቷል፤ የዘይት ጄሪካኑ ተርፎ ደጅ ወጥቷል፤ ማለፊያ እንኳን የለም።

"አየሽ የወንድምሽን ቤት?" አላት ደረቱን ነፍቶ።

በእሷ ሙያ የሞላ መጋዘን ማለት አልንቀሳቀስ ያለ ዕቃ ማለት ነው እንጂ ሀብት አይደለም። ምን ታድርግ? ያየችውን ጻፈች። አለቃዋም "ይዘጋ" ብሎ ፈረመ።

ከሰው አፍ ከሚሰማው ብላ ራሷ ልትነግረው ሄደች። መጋዘኑ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ ጥግ ላይ ጥቂት ካርቶን ብቻ።

"ወንድም ጋሼ፣ ያ ሁሉ ዕቃ የት ገባ?"

"የት ይገባል፣ ወጣ እንጂ። እዚህ ዕቃ መች ያድርና! ያኔማ ልትመጪ ነው ሲሉኝ ሾፌሮቹን ለምኜ ሳላከፋፍል አቆየሁት። ባለሱቆቹ ሲሰድቡኝ ሰነበቱ። በአለቆችሽ ፊት እንዳታፍሪብኝ ብዬ ነዋ።"

ወደ ውጭ ወጥታ ለአለቃዋ ደወለች፤ ተሳስቻለሁ፣ ከሁሉም ፈጣኑ መጋዘን ይሄ ነው ብላ ለመነች።

"የመጋዘኑ ኃላፊ ወንድምሽ አይደል?" አላት ሰውየው። ስልኩንም ዘጋው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ወረቀቱን ያስያዘችው ደግሞ ራሷ ናት። በወንድሟም በራሷም ተናደደች። ያን ዕለት አንድ ጥያቄ ብትጠይቀው ምን ነበረበት? ደግሞስ ማን ሙላ አለው?

ተመልሳ ሁሉንም ነገረችው፤ መጋዘኑን ያስዘጋው መሙላቱ መሆኑን ጭምር። ካርቶን ላይ ተቀምጦ ሰማት። እንደ ልጅነቷ ሊቆጣት እየጠበቀች ነበር።

"ታዲያ እህቴ" አለ ግራ ገብቶት፣ "በባዶ ቤት ልቀበልሽ ኖሯል?"